አለኝ፣ አለብኝ፣ ይገባኛል

ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ ለእኔ እኩለ ሌሊት ለእሱ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ደወለ። ድምፁ ገና «ሄሎ» ሲል ልክ አልነበረም። አንድ ዘመዳችን ደውሎ ወቅሶታል። «ያሳደገችህን ሴትዮ ሦስት ወር ሙሉ ረሳሃት አሉ» ብሎታል። ወንድሜ ሁለተኛ ልጅ ወልዷል፣ የቤት ኪራዩ ጨምሯል፣ ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ ወደ ሥራ አልተመለሰችም። ይህን ሁሉ በአማርኛ አስረዳኝ። መጨረሻ ላይ ምርር ሲለው ግን ቋንቋ ቀየረ። «አይ ዶንት ኦው ሄር ኤኒቲንግ» አለኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

«ሄር» ያላት እትዬን ነው። የእናታችን ታላቅ እህት ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እትዬ ከለቅሶው ማግሥት ከአዲስ አበባ ይዛን ወጥታ ደብረ ብርሃን፣ ከሱቋ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አሳደገችን። የራሷ ልጅ የላትም። የወንድሜን የትምህርት ቤት፣ የፓስፖርት፣ የቪዛ ወጪ የሸፈነችው ስኳርና ሻማ ሸጣ ነው። እሱም ከሄደ ጊዜ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በየወሩ ሁለት ሁለት መቶ ዶላር ልኳል። እንግዲህ ጨካኝ ልጅ አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ይህን «ኦው» የሚሉትን ግስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ዕዳ አለብኝ ማለት ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ያን ሌሊት ግን የወንድሜን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ልመልሰው ብሞክር አልመለስ አለኝ። «የእሷ ዕዳ የለብኝም» ብዬ ስሞክረው፣ ሱቋ ሄዶ በዱቤ ስኳር ወስዶ የከፈለ ደንበኛ መሰለ። «ምንም የለብኝም» ስለው፣ ተመርምሮ ነፃ ነህ የተባለ በሽተኛ መሰለ። «ላደርግላት የሚገባኝ ነገር የለም» ስል ደግሞ ጆሮዬ እምቢ አለ። ወንድሜ ይህን አይልም። በአማርኛ ቢሆን አፉ ላይ ይቀርበታል። ታዲያ በእንግሊዝኛ እንዴት ወጣው? ወይስ ያለው ሌላ ነገር ነው?

እንቅልፍ እንደማይመጣ ሳውቅ መዝገበ ቃላት አወጣሁ። ሰው ሲጨንቀው ጸሎት ይደርሳል፤ አስተማሪ ደግሞ እንዲህ ነው።

«ኦው» ሲወለድ የዕዳ ቃል አልነበረም። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው በጥንቱ እንግሊዝኛ «አጋን» የሚባል ግስ ነበር። ትርጉሙ መያዝ፣ ባለቤት መሆን፣ በአጭሩ «አለኝ» ማለት ነው። መሬትና ከብት ያለው ሰው የሚናገርበት ቃል ነው። ዛሬ ባለቤትነትን የሚገልጸው «ኦውን» ከዚያው ሥር የወጣ ነው። የ«አጋን» የኀላፊ ጊዜ መልክ ደግሞ ከዘመን ብዛት «ኦት» ሆነ፤ ተማሪዎቼ «ማድረግ ይገባኛል» ለማለት የሚማሩት «ኦት ቱ» እሱ ነው። ባለቤትነትና ዕዳ፣ በላያቸውም ግዴታ፣ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ ለሦስቱ ሦስት የተለያየ ትምህርት ሳስተምር፣ በሦስት የተለያየ ምዕራፍ፣ እኅትማማች መሆናቸውን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

«አለኝ» የሚል ቃል እንዴት ተገልብጦ «አለብኝ» ሆነ? መንገዱ ሩቅ አይደለም። ሰው «የምከፍለው አለኝ» ይላል። በእጄ የያዝኩት ነገር አለ፣ ያ ነገር ግን ወደ ሌላ ሰው መሄድ ያለበት ነው። ውሎ አድሮ «የምከፍለው» የሚለው ቁራጭ ወደቀና «አለኝ» ብቻውን ዕዳውን ተሸከመ። በኋላ ዘመን እንግሊዝኛ ያንኑ ታሪክ በ«ሃቭ» ደግሞታል፤ «ሃቭ» አለኝ ነው፣ «ሃቭ ቱ» ደግሞ የግድ ማድረግ አለብኝ ነው። ላቲንም እንዲሁ ናት። «ዴቤሬ» የሚለው የዕዳ ግሷ የተሠራው «ከ» ከሚልና «መያዝ» ከሚል ቃል ነው፤ ከሌላ ሰው የያዙት ነገር እንደ ማለት። እንግሊዝኛ ዕዳ የሚልበትን «ዴት»፣ ግዴታ የሚልበትን «ዱቲ» ያገኘው ከዚያ ነው።

በሼክስፒር ዘመን ትርጉሞቹ ገና አልተለያዩም ነበር። በ1598 በታተመው የ«ሄንሪ አራተኛ» የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ የመጠጥ ቤቷ እመቤት ፋልስታፍን ልዑሉ ፊት ታሳብቅበታለች። ይህ ሽማግሌ ልዑሉ የሺህ ፓውንድ ባለዕዳዬ ነው እያለ ያወራል ትላለች። «ዕዳ ነበረበት» ለማለት የምትጠቀመው ቃል «ኦት» ነው፤ ዛሬ ለምግባር ብቻ የቀረው ያው ቃል። ልዑሉ ዞር ብሎ በእርግጥ ሺህ ፓውንድ አለብኝ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ፋልስታፍ አይደነግጥም። ነገሩን ከገንዘብ ወደ ፍቅር ያዞረዋል። ልዑሉ ያለበት ፍቅሩን እንደሆነ፣ የፍቅሩም ዋጋ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ እንደሆነ ይናገራል። ተመልካች ይስቃል። እኔም ተማሪ እያለሁ ስቄያለሁ። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ግን ልዑሉ ይነግሣል፣ ፋልስታፍም ዋጋዬን አገኛለሁ ብሎ እየሮጠ ሲመጣ ንጉሡ በሕዝብ ፊት ገሸሽ ያደርገዋል። ቀልዱ ዕዳ ሆኖ ሲቀርብ ከፋይ የለውም።

ሌላው የግዴታ ቃላቸውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። «ሹድ» የ«ሻል» ኀላፊ ጊዜ ነው፣ «ሻል» ደግሞ በጥንቱ ቋንቋ ዕዳ አለብኝ ማለት ነበር። ጀርመኖች የዚያ ቤተሰብ በሆነው «ሹልድ» በሚል አንድ ቃል ዛሬም ዕዳንም ጥፋትንም ይጠሩበታል። ኒቼ በ1887 ባወጣው የግብረ ገብን የዘር ሐረግ በሚመረምረው መጽሐፉ፣ የጥፋተኝነት ስሜት የተወለደው ከአበዳሪና ከተበዳሪ ግንኙነት ነው ብሎ ሲከራከር ይህንን ቃል ይዞ ነው። የኒቼን ሙሉ ክርክር አልገዛውም። ነገር ግን ቃሉን በተመለከተ እውነቱን ነው።

እንግዲህ በእንግሊዝኛ «ማድረግ ይገባኛል» ለማለት የሚያገለግሉት «ኦት» እና «ሹድ»፣ ከነ «ዱቲ» ጭምር፣ መሠረታቸው ሲቆፈር የሚገኘው የዕዳ መዝገብ ነው። ተናጋሪው ይህን ያስባል አልልም። እኛም «ደህና ዋልክ» ስንል የዋለበትን ቦታ አናስብም። ግን ቤቱ አንድ ምድር ቤት ብቻ ስላለው፣ አንድ ሰው «ዕዳ የለብኝም» ብሎ ያንን ምድር ቤት ሲያፈርሰው ፎቁ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ሊል የፈለገው «እኔ የእሷ ተበዳሪ አይደለሁም» ይሆናል። የተሰማኝ ግን «ለእሷ ምኗም አይደለሁም» የሚል ነው። ሁለቱን የሚለይ ግድግዳ ያ ቋንቋ ውስጥ ስስ ነው።

ይህ አነጋገር የእሱ የብቻው ፈጠራም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «ለማንም ምንም የለብህም» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ያደጉበትን ቤት ትተው ለወጡ፣ ከክፉ ትዳር ለተረፉ፣ ወላጅ ላሰቃያቸው ሰዎች የተበጀ ምክር ነው። እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላዛባ እፈራለሁ። እኛ አገር ይህ ዐረፍተ ነገር በጣም የሚያስፈልጋት ስንት ሴት አለች? ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ አምስትና ስድስት ዓመት የላከችው ገንዘብ ቤት ሆኖ፣ ቤቱ በወንድሟ ስም ሆኖ፣ እሷ ስትመለስ «አሁን ደግሞ የታናሽሽን ሠርግ» የምትባል ሴት አለች። ላሳደግንሽ ነው ይሏታል። እንዲህ ላለችው ሴት «ምንም የለብሽም» የሚላት ሰው መድኃኒት ነው። ውለታ ጅራፍ ሆኖ ሲመጣ ከጅራፉ የሚያስጥል ቃል ያስፈልጋል። ቅር የሚለኝ መድኃኒቱን ያልታመመ ሰው ሲውጠው ነው። እትዬ ወንድሜን ብር ጠይቃው አታውቅም።

ወደ አማርኛችን ልመለስ። «አለ» የሚባል አንድ ትንሽ ግስ አለን፤ ሥራው ግን ማለቂያ የለውም። «መቶ ብር አለኝ።» «መቶ ብር አለብኝ።» በሀብታምና በባለዕዳ መካከል ያለችው አንዲት «ብ» ናት። «መሄድ አለብኝ» ስንልም ያው ግስ ነው። እስከዚህ ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል ነን፤ አንድ «አለኝ» ዞር ብሎ ዕዳና ግዴታ ይሆናል። ልዩነቱ ዕዳው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ዕዳ በእጅ የተያዘ ነገር ነበር። የእኛ ከላይ የተጫነ ነው። ሌላ ምን ምን እንደሚጫንብን ተመልከቱ፦ ሳል አለብኝ፣ እንግዳ አለብኝ፣ ለቅሶ አለብኝ፣ ፈተና አለብኝ። ዛር አለበት እንላለን፣ አመል አለባት እንላለን። ዕዳ ለእኛ ከበሽታና ከእንግዳ ጋር በአንድ ረድፍ ይቆማል፤ ሳይጠሩት መጥቶ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው። «ዕዳ ከሜዳ» የሚለው ተረታችን ይህንኑ ነው የሚለው።

ደግሞ በተቃራኒው፣ ተበዳሪውን «ባለዕዳ» ነው የምንለው። ባለቤት፣ ባለሀብት፣ ባለርስት እንደምንለው ማለት ነው። የዕዳው ጌታ እንደ ማለት። አበዳሪው ገንዘብ ነው ያለው፣ ተበዳሪው ዕዳ አለው። ይህን ስጽፍ የጥንቱ «አጋን» ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ የተገናኘኝ መሰለኝ።

አማርኛ ግን ሁለተኛ በር አለው። «ይገባል» የሚል። መግባት ማለት ነው እንግዲህ፤ ሰው ቤት ይገባል፣ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። «ይገባኛል» ስል ሦስት ነገር ልል እችላለሁ፦ ይገለጥልኛል፣ መብቴ ነው፣ ማድረግ ያለብኝ ነገር ነው። ፍርድ ቤት መሬት የሚጠይቅ ሰው «የይገባኛል ጥያቄ» ያቀርባል፤ ሽማግሌ ደግሞ «እናትህን ልትጠይቅ ይገባሃል» ይላል። መቀበልም መስጠትም በአንድ ግስ ነው፣ ማስተዋልም እዚያው አለ። እዚህ ውስጥ ግን ብድር የለም። ማንም ለማንም አላበደረም። ነገሩ ቦታው ስለሆነ ብቻ ይገባል፣ በሩን እንዳወቀ ሰው። ለዚህ ነው «ዕዳ የለብኝም፣ ግን ይገባኛል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጤነኛ የሆነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዶንት ኦው ኢት፣ በት አይ ኦት ቱ» ቢባል ሰዋስዉ ችግር የለበትም፤ ትርጉምም ይሰጣል። ታሪኩን ለሚያውቅ ግን አንድ ቃል ራሱን ሲክድ የመስማት ያህል ነው።

ቋንቋዬን እያሞካሸሁ እንዳልቀር ሌላውንም ልናገር። እኛም ብንሆን ስሌት እንወዳለን። «ብድሩን መለሰ» ስንል ደግነትን በደግነት መመለስ ሊሆን ይችላል፣ በቀል መወጣትም ሊሆን ይችላል፤ ከአገባቡ ካልሆነ አይለይም። ደም እንኳን ዕዳ አለው። ውለታ ቢስ ከመባል ሌባ መባልን የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል ከመንደር ወጥቶ የሄደ አውቃለሁ። የወንድሜ አማርኛ ያን ሌሊት የከዳው ለዚህም ይመስለኛል። ያ ዘመድ በአማርኛ ሲወቅሰው እያንዳንዱ ቃል ከኋላው ሠራዊት ነበረው። በዚህ ቋንቋ ተከራክሮ የሚረታበት መንገድ ስለሌለ ሌላ ቋንቋ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

የሚገርመኝ ግን ምስጋናችን ነው። አሁን አሁን «አመሰግናለሁ» በዝቷል። የእትዬ ዘመን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው የሚለው። «ልኝ»ዋን አስተውሉ። በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥልኝ ማለት እኮ ነው። ለትልቅ ውለታ ደግሞ «ብድራትሽን ይክፈልሽ» ይባላል። ተቀባዩ መክፈል እንደማይችል ገና ሲቀበል ይናገርና ሂሳቡን ለሌላ ከፋይ ያስተላልፈዋል። ይህ ሽሽት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ሽሽት አይመስለኝም። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው መዝገብ እንዳይከፈት ሦስተኛ ሰው መጥራት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች አበዳሪና ተበዳሪ ሆነው እንዳይተያዩ።

ፈላስፎችም በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። አርስቶትል ልጅ አባቱን ከፍሎ አይጨርስም ይላል፤ ምንም ቢያደርግ ከተቀበለው ጋር አይመዛዘንም፣ ስለዚህ ምንጊዜም ባለዕዳ ነው። ከዚህ አንድ አስፈሪ ነገር ያወጣል፦ አበዳሪ ዕዳን መተው ስለሚችል አባት ልጁን ሊክድ ይችላል፤ ልጅ ግን አባቱን መካድ አይችልም። በሌላው ጫፍ ያለችው አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጄን ኢንግሊሽ ናት። (እንግሊዝኛን የሚመረምር ሰው እንዲህ ያለ ስም ሲያጋጥመው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) በ1979 የታተመው ድርሰቷ ያደጉ ልጆች ለወላጆቻቸው ምን «ኦው» ያደርጋሉ ብሎ ይጠይቅና ምንም ብሎ ይመልሳል። ጽሑፉ ሲወጣ እሷ በሕይወት አልነበረችም፤ ተራራ ስትወጣ ሞታለች።

መልሷ ጭካኔ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የምትለው ይህን ነው፦ ዕዳ የሚፈጠረው በማይተዋወቁ ወይም እምብዛም በማይቀራረቡ ሰዎች መካከል ነው። ብዙም የማላውቀው ጎረቤቴ እኔ በሌለሁበት ፖስታዬን ቢሰበስብልኝ፣ እሱ ሲሄድ እኔ የእሱን ልሰበስብ ይገባኛል፤ አንድ ለአንድ ነው፣ ሲመለስ ያልቃል። ወዳጆች ግን እንዲህ አይቆጣጠሩም። ወዳጅ የሚያደርገው ስለተደረገለት ሳይሆን ሌላው ስለሚያስፈልገውና እሱም ስለሚችል ነው። ወላጅና ልጅም እንዲሁ ናቸው ትላለች። ልጅ ለወላጁ ሊያደርግ የሚገባው ብዙ ነገር አለ፤ «ኦው» የሚለው ቃል ግን የተሳሳተ ቃል ነው፣ ፍቅሩን ወደ ንግድ ይለውጠዋልና። ያን ሌሊት ይህን ሳነብ ለወንድሜ ጠበቃ ያገኘሁለት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ዕዳውን ክዶ ስለሚገባው ነገር ሳይናገር ስልኩን ዘጋ።

ከእሷ ጋርም እስከ መጨረሻው አልሄድኩም። ወዳጅነቱ ካለቀ የሚገባውም ያልቃል ማለቷ አይቀርም፤ ክርክሯ ወደዚያ ይወስዳል። እትዬና እኔ ሁለት ዓመት ተኳርፈን አልተነጋገርንም ነበር። ምክንያቱ ትዳሬ ነው፣ ይቅር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ፍቅር ነበር ብዬ መማል አልችልም። ያኔ ታማ ብትሆን ግን አልሄድም ነበር? እሄድ ነበር፣ እየተነጫነጭኩ። የሄድኩበትን ምክንያት ዕዳ አልለውም፤ ወዳጅነትም አልለውም። ያቺ ክፍል ውስጥ ሦስታችን በአንድ ፍራሽ ተኝተናል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሕጉም ቢሆን እዚህ ላይ አይረዳኝም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን ቀለብ የመስጠት ግዴታን ሲዘረዝር ወደ ላይና ወደ ታች የሚቆጠሩ ዘመዶችን፣ እህትና ወንድምንም ይጨምራል። አክስት የለችበትም። ፍርድ ቤት ቢቆም ወንድሜ በቋንቋም በሕግም ነፃ ነው።

ከስልኩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምጠይቃት ሳሰላስል ነበር። እትዬ አሁን እግሯን ያማታል እንጂ ሱቁ ክፍት ነው። ሰፈሩ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚበዛበት ስለሆነ ደመወዝ እስኪወጣ ግማሹ ሽያጭ በዱቤ ነው። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አላት፤ እኔ ልጅ እያለሁም ነበራት፣ ፊደል የቆጠርኩት በእሱ ነው ማለት ይቻላል። ከፊት ለፊት «ያለባቸው» ብላ የወሰዱትን ትጽፋለች። ስማቸውን ሳይሆን በሚታወቁበት ነው፤ «ባለ ቀይ ሹራቧ፣ ዘይት ግማሽ»፣ «የጥበቃው ልጅ፣ ዳቦ 4»። ሲከፍሉ በስክሪብቶ ትሰርዘዋለች። ደብተሩን ገልብጣ ከኋላ በኩል ደግሞ «ያለብኝ» ብላ ከአከፋፋዮች የወሰደችውን ትጽፋለች። ሁለቱ ጽሑፎች ከሁለት ጫፍ ተነሥተው መሐል ላይ ሲገናኙ ደብተሩ ያልቃል፣ ሌላ ይገዛል።

ቡና እየወቀጠች ሳለ ጠየቅኋት። እንዲህ በቀጥታ አይጠየቅም፤ ግን ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ልጅሽ የአንቺ ዕዳ አለበት ትያለሽ?»

«የምን ዕዳ?»

«ላሳደግሽው።»

ሙቀጫውን አቆመችው። «ልጅ ነው ወይስ ዱቤ?» አለችና ቀጠለች፣ መውቀጡን።

በዚህ ብትተወው ለእኔም ይበቃኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ሳታየኝ፣ «ስልኩ ይቅርብኝ እንዴ? ብሩ ይቅር፤ መደወል ምን ያስከፍለዋል?» አለች። ቅያሜ አለባት። ቅያሜም «አለብኝ» ከሚባሉት ነው፣ ረስቼው ነበር።

ማታ ዓይኗ ስለደከመ ሂሳቡን ደምሪልኝ ብላ ደብተሩን ሰጠችኝ። ከፊቱ ጨርሼ ገለበጥኩት። «ያለብኝ» ከሚለው ሥር ዘይት 2 ጀሪካን፣ ስኳር 1 ኩንታል፣ ለስላሳ 3 ሳጥን ይላል። ከዚያ በታች «ልጄ» ይላል፣ ጎኑ ላይ ቀንና የብር መጠን። እንደገና ሌሎች ዕቃዎች፣ እንደገና «ልጄ»። የዘይቱም የስኳሩም መስመር ተሰርዟል። «ልጄ» የሚለው አንዱም አልተሰረዘም። የድሮዎቹን ደብተሮች ከሣጥን አወጣኋቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነው፤ ምንዛሪው ሲጨምር ብሩም እየጨመረ፣ ሁሉም ከኋላ በኩል፣ ከአከፋፋዮቹ ጋር ተጽፏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእሱ ነው። እዚያ በብርድ ሠርቶ የላከው። አሁን ልጆች አሉት፤ የልጆቹ ነው።»

«በልተሽዋል እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ስለበላሁት አይደል ያለብኝ?»

ልስቅ አልኩና አልሳቅኩም። ምን እንደምላት አላወቅሁም። እንዳልኩት የእኔ ሥራ ቃላት ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣልኝ አለ። ለልጅ ዱቤ የለም ያለችኝ ሴትዮ፣ ከልጅ የተቀበለችውን ሳንቲም በሳንቲም ጽፋ አስቀምጣለች። ስትሰጥ ደብተር የላትም። ስትቀበል ነው የምትጽፈው። ከዚህ ውስጥ አንድ ወጥ አስተሳሰብ ላወጣ ሞክሬያለሁ፤ አርስቶትልም ኢንግሊሽም የሚሉት እዚህ ገጽ ላይ አይገጥምም።

መጨረሻውን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ለወንድሜ ልልክለት ነበር፤ ጣቴ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ቢያይ ምን ያደርጋል? ያለቅሳል፣ በነጋታው ብር ይልካል፣ ኪራዩን ያጓድላል። እትዬም ተቀብላ ከኋላ ትጽፈዋለች። ያ ዘመድ በወቀሳ ያደረገበትን እኔ በፎቶ አደርግበታለሁ ማለት ነው።

አልላክሁትም። «እትዬ ድምፅህ ናፍቋታል፤ ብር እንዳትልክ፣ ደውልላት» ብዬ ጻፍኩለት። በማግሥቱ ደወለላት። እኔ አልነበርኩም፤ ምን እንዳወሩ ሁለቱም አልነገሩኝም። ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።